የአንዱ ሥር፣ የሌላው ቅርንጫፍ

የጣፈጠ ፖም በልቶ ዘሩን ጓሮው የሚተክል ሰው የሚጠብቀውን አያገኝም። ዘሩ ይበቅላል፤ ዛፍም ይሆናል። ፍሬ ለማየት ግን ስድስት፣ ሰባት፣ አንዳንዴም ዐሥር ዓመት ያስጠብቃል፤ ሲመጣም ብዙውን ጊዜ ትንሽ፣ ጎምዛዛና አፍ የሚይዝ ነው። ጥፋቱ የአፈሩም የተካዩም አይደለም። ፖም በራሱ የአበባ ዱቄት እምብዛም አያፈራም፤ ንብ ከሌላ ዓይነት የፖም ዛፍ ተሸክማ የምታመጣለትን ዱቄት ይጠብቃል። ስለዚህ እያንዳንዱ ዘር ከሁለት የተለያዩ ወላጆች የተወለደ አዲስ ዛፍ ነው። በአንድ ፍሬ ሆድ ውስጥ ያሉት ዘሮች እንኳ እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉም።

ሰው ለዚህ ያገኘው መላ ዘሩን ትቶ ቅርንጫፉን መውሰድ ነው። ፍሬው ከተወደደው ዛፍ አንድ ቀንበጥ ይቆረጥና ሥር ባለው ሌላ ችግኝ ላይ ይጋጠማል። ሁለቱ ቁስሎች አብረው ይሽራሉ። ከመጋጠሚያው በላይ ያለው ሁሉ እናቱን ዛፍ ሆኖ ያድጋል፤ ከመጋጠሚያው በታች ያለው ደግሞ የራሱን ጠባይ ይዞ ይቀራል። ዘሮች አልተቀላቀሉም፤ ሁለት ዛፎች በአንድ ግንድ ይኖራሉ። በገጠር የግብርና ባለሙያው ይህን ማዳቀል ይለዋል፤ እኛም በዚሁ እንቀጥላለን። በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የዚህን ጥበብ ጉልበት ለማየት አንድ ዛፍ ይበቃል። በ1920ዎቹ ሩዶልፍ ሀስ የተባለ የካሊፎርኒያ ፖስተኛ ከዘር ባበቀለው የአቮካዶ ችግኝ ላይ በዘመኑ የተወደደውን ፉርቴ የተባለ ዝርያ ሊያዳቅል ሞከረ። ቅርንጫፉ አልያዘም። ደግሞ ተሞከረ፤ አሁንም እምቢ አለ። ችግኙ እንዲሁ ተተወና አደገ፤ ሻካራና ሲበስል የሚጠቁር ልጣጭ ያለው ፍሬ አፈራ፤ ጣዕሙም ከፉርቴ በለጠ። ሀስ በ1935 የባለቤትነት መብት አስመዘገበበት። እናቲቱ ዛፍ በ2002 ደርቃ ሞተች። ዛሬ በሜክሲኮ፣ በኬንያ ወይም በእኛው ሲዳማ ሀስ ተብሎ የሚተከለው አቮካዶ ሁሉ ግን የዚያች የአንዲት ዛፍ ቅርንጫፍ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከቢላዋ ወደ ቢላዋ እየተላለፈ እዚህ ደርሷል።

አሁን ወደ ሰሜን ሸዋ። ከአዲስ አበባ በሙከጡሪ አድርጎ ወደ ዓለም ከተማ የሚጓዝ ሰው ገብስና ባቄላ ከሚበቅልበት ደጋ ተነስቶ ወደ ጀማ ሸለቆ ይወርዳል፤ ሙቀቱ ልብስ ያስወልቀዋል፤ ወንዙን ተሻግሮ ደግሞ ወደ መርሐቤቴ አምባ ይወጣል። መንዝ ከዚያም ከፍ ይላል። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትርን ያለፈች ከተማ ናት፤ የጓሳ ምድር ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። በዚህ አገር ሁለት ጎረቤታሞች ወረዳዎች፣ አንዳንዴም የአንድ ወረዳ ሁለት ቀበሌዎች፣ በአንድ ቋንቋ እየተነጋገሩ በሁለት የአየር ጠባይ ይኖራሉ። ብርቱካን ለመሐል ሜዳ አይሆንም፤ ፖም ለጀማ ዳር አይሆንም።

ችግኝ በመኪና ተጭኖ መጥቶ ለሁሉም በእኩል ሲታደል ይህ ልዩነት ይረሳል። ስሙ ያልተነገረ፣ ከየትኛው እናት ዛፍ እንደተወሰደ የማይታወቅ ችግኝ የተቀበለ ገበሬ አራት ዓመት ኮትኩቶና አጠጥቶ ለቦታው የማይስማማ ዛፍ ሊያገኝ ይችላል። አራት ዓመት ብዙ ነው። ስለዚህ በመንዝ፣ በጎረቤቱ በግሼና በመርሐቤቴ ከሚታደለው ችግኝ ይልቅ በየመንደሩ ማዳቀል የሚችል እጅ ይበልጥ ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ። እጁ ያለው ሰው ጎረቤቱ ጓሮ ያፈራውን፣ ውርጩን የቻለውን፣ ልጆች የወደዱትን ዛፍ በዓይኑ አይቶ ከእርሱ ይወስዳል።

ለዚህ እምነቴ ምስክሬ ጨንቻ ናት። የጋሞ ደጋ ፖምን ያወቀው በ1950ዎቹ በመጡ ሚሲዮናውያን እጅ ነው። ለረጅም ጊዜ ዛፎቹ በጥቂት ግቢዎች ተወስነው ቆዩ። ነገሩ የሰፋው በቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን የልማት ሥራ ገበሬዎች ራሳቸው ማዳቀል ሲማሩ ነው። ከዚያ በኋላ የጨንቻ ገበሬ ከፍሬው ባልተናነሰ፣ ብዙ ጊዜም ከፍሬው በበለጠ፣ ከችግኝ ሽያጭ ገቢ አገኘ፤ ከጨንቻ የወጣ የፖም ችግኝም በብዙ የኢትዮጵያ ደጋዎች ተተከለ። እውቀቱ ገበሬው ቤት ስለገባ ችግኙ ተባዛ። የመንዝ ገበሬ ከጨንቻው የሚለየው ምርጥ ዛፍ በማጣቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ጭነት ችግኝ ይበቃው ነበር።

ቅርንጫፉና ሥሩ እንዴት አንድ ይሆናሉ? ከማንኛውም ቀንበጥ ላይ ልጡን ሲልጡት ነጩ እንጨት እርጥብና ሙልጭልጭ ሆኖ ይወጣል። ያ እርጥበት ያለበት፣ ከወረቀት የቀጠነ ሽፋን ካምቢየም ይባላል። የዛፉ ግንድ የሚወፍረው ከእርሱ ነው፤ ወደ ውስጥ እንጨት፣ ወደ ውጭ ልጥ እየሠራ ይኖራል። ዛፍ ሲቆስል ካምቢየሙና በዙሪያው ያሉት ሕያው ሕዋሳት ለስላሳ ነጣ ያለ ጠባሳ ያበቅላሉ። የሁለት ዛፎች ጠባሳ ተገናኝቶ ሲቀላቀል አዲስ ካምቢየም በመካከላቸው ይዘረጋል፤ ውኃ የሚያወጡትና ምግብ የሚያወርዱት ቱቦዎችም ይገናኛሉ። እስከዚያ ድረስ ቅርንጫፉ የሚኖረው በሆዱ በያዘው ውኃና ስንቅ ብቻ ነው። የማዳቀል ሕግ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል፦ ካምቢየም ከካምቢየም ይንካ፤ ቁስሉ አይድረቅ፤ መጋጠሚያው አይነቃነቅ፤ ቅርንጫፉ ሥሩ ሳይደርስለት አይንቃ።

ሌላው ሕግ ዝምድና ነው። ኮክ ኮክን ይቀበላል፤ ፕለምም በኮክ ሥር ላይ ይኖራል። ብርቱካን፣ መንደሪንና ሎሚ እርስ በርሳቸው ይዋዋሳሉ። ዝምድናው ሲርቅ ግን ነገሩ ይበላሻል። በመንዝ አጥር ላይ የሚያብበው ቀጋና የደጋው ኮሶ ከፖም ጋር በአንድ ሰፊ የእጽዋት ቤተሰብ ውስጥ ይቆጠራሉ፤ ሆኖም ፖምን በእነርሱ ላይ አዳቅሎ ፍሬ መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው። ቅርብ የሚመስለው ዘመድም ሊከዳ ይችላል፦ ፒር በፖም ሥር ላይ አንዳንዴ ይይዝና ለዓመታት ካደገ በኋላ በመጋጠሚያው ይሰበራል።

ስለ ዝምድና ካነሣን ወይራን ማለፍ አልችልም። ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት በ11ኛው ምዕራፍ የዱር ወይራ ቅርንጫፍ በመልካም ወይራ ላይ ስለመግባቱ ይናገራል፤ ነገሩ ከተፈጥሮ ውጪ መሆኑንም ያስታውሳል። ገበሬ የሚያደርገው ግልባጩን ነው፤ የዱሩን ጠንካራ ሥር ይዞ መልካሙን ቅርንጫፍ ከላይ ያስገባል። በፓኪስታን ሰሜናዊ ኮረብቶች እንዲህ ተደርጓል፤ በዱር በበቀለው ወይራ ላይ የሜድትራንያን የዘይት ወይራ በሰፊው ተዳቅሏል። ያ የዱር ወይራ ደግሞ በእኛ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ከሚገኘው ወይራ ጋር አንድ ነው። ይህን ስል የደብር ወይራ ይቆረጥ ማለቴ አይደለም፤ የደብር ወይራ እንዳለ ይኑር። በራሱ ጓሮ ድንበር ላይ ወጣት ወይራ የበቀለለት የወይናደጋ ሰው ግን አንድ ቅርንጫፏን ለሙከራ ቢሰጥ የሚያጣው ነገር የለም።

ለመንዝ ደጋ የመጀመሪያው ትምህርት ፖም ነው፤ ቅርንጫፉ ከሌሎቹ ፍራፍሬዎች ይልቅ ጀማሪን ይታገሣል። ሥር የሚሆነው ችግኝ ከየት ይምጣ? ከፖም ዘር ማብቀል ይቻላል፤ እንዲህ ያለው ሥር ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ዛፉን ረጅም ያደርገዋል፤ ፍሬውንም ያዘገያል። የተሻለው ለሥርነት ብቻ የተመረጡ ዓይነቶችን መያዝ ነው። በእንግሊዝ አገር ኬንት ውስጥ በ1913 የተቋቋመው የኢስት ሞሊንግ የምርምር ጣቢያ በአውሮፓ አትክልተኞች ዘንድ ስማቸው ተደበላልቆ የነበሩትን ሥሮች አንድ በአንድ ለይቶ ቁጥር ሰጣቸው። በኋላ በመርተን ከነበረው የጆን ኢንስ ተቋም ጋር ሆኖ የፖምን ሥር የሚያጠቃውን ጥጥ መሳይ ክሽክሽ የሚቋቋሙ አዳዲስ ሥሮች አወጣ፤ ኤም.ኤም. 106 ከእነዚህ አንዱ ነው። ይህ ሥር ዛፉን በመጠኑ አሳጥሮ አራት ሜትር አካባቢ ላይ ይይዘዋል፤ ቶሎም ያስፈራዋል። ዛፉን እጅግ የሚያሳጥረው ኤም 9 ግን ሥሩ ደካማ በመሆኑ ዕድሜ ልኩን ድጋፍ ይፈልጋል፤ ነፋስ ለሚበረታበት የመንዝ ሜዳ አልመክረውም።

አንድ የኤም.ኤም. 106 ችግኝ ያለው ሰው ሌላ መግዛት አያስፈልገውም። ችግኙ ሥር ከያዘ በኋላ በበጋ መጨረሻ ከመሬት ጥቂት ጣት ከፍ ተደርጎ ይቆረጣል። ከጉቶው ብዙ ቀንበጦች ይፈነዳሉ። አንድ ስንዝር ያህል ሲደርሱ እስከ ግማሻቸው ድረስ ለስላሳ አፈር ወይም ሰጋቱራ የተቀላቀለበት አፈር ይለበሳሉ፤ በክረምቱ ዝናብ ሲያድጉ አፈሩ ደግሞ ይጨመርላቸዋል። ክረምቱ ሲወጣ እያንዳንዱ ቀንበጥ በተቀበረው ክፍሉ የራሱን ሥር አውጥቷል። በበጋ አፈሩን ገለጥ አድርጎ እየቆረጡ መትከል ነው። ጉቶው በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ይሰጣል። የመጀመሪያው ችግኝ በደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማዕከል ወይም በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል ሊፈለግ ይችላል፤ ሲፈለግም የሥሩንም የቅርንጫፉንም ስም ጠይቆ መጻፍ ያስፈልጋል።

ቅርንጫፍ የሚቆረጠው ቀንበጥ የሚወጣባቸው የዛፉ ዓይኖች ገና ሳያብጡ፣ በታኅሣሥና በጥር ነው። ባለፈው ክረምት ያደገ፣ የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ ፀሐይ ያገኘ ቀንበጥ ይመረጣል፤ ከግንዱ ሥር ቀጥ ብሎ የሚወጣው ለምለም ቀንበጥ ግን አይጠቅምም። እርጥብ ጨርቅ ይጠቀለልበታል፤ በፌስታል ይታሰራል፤ በቤቱ ቀዝቃዛ ማዕዘን ይቀመጣል። የመንዝ የድንጋይ ቤት ለዚህ እጅግ የተመቸ ነው፤ ቀንበጡ ሳምንታት ያለ ችግር ይቆያል።

መንዝ ውስጥ የሚያስቸግረው ጊዜው ነው። ቁስሉን የሚያሽረው ጠባሳ ሙቀት ይፈልጋል፤ በውርጭ ሌሊት ሥራው ይቆማል። በታኅሣሥ ብርድ ሜዳ ላይ የተጋጠመ ቅርንጫፍ ሳይይዝ ይደርቃል። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ውርጩ እስኪያልፍ ጠብቆ በየካቲት ማዳቀል ነው። ሁለተኛው፣ እኔ ለመንዝ የምመርጠው፣ ሥሩን ከመሬት ነቅሎ ቤት ውስጥ፣ ጉልበት ላይ አድርጎ ማዳቀልና ሥሩን በእርጥብ ሰጋቱራ ሸፍኖ ከምድጃው ራቅ ብሎ ለብ ባለ ስፍራ ሁለት ሦስት ሳምንት ማስቀመጥ ነው። መጋጠሚያው ከተያያዘ በኋላ ችግኙ ሜዳ ይወጣል። እንዲህ ሲሆን እጅ በብርድ አይደነዝዝም፤ አያቶችም ልጆችም ዙሪያውን ተቀምጠው ያያሉ፤ ይማራሉም።

ቢላዋው በአንድ ጎኑ ብቻ የተሳለ ቢሆን ይመረጣል፤ ካልተገኘ አዲስ ምላጭ ለቀጭን ቀንበጥ ይበቃል። ከእያንዳንዱ ዛፍ በኋላ ስለቱ በአልኮል ይጠረጋል ወይም በእሳት ነበልባል ያልፋል። ሥሩ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ሁለት እጅ ያህል ላይ፣ በሰያፍ ይቆረጣል፤ ቅርንጫፉም ከታች በኩል በዚያው ልክ በሰያፍ ይቆረጣል። የቁርጡ ርዝመት የውፍረቱን ሦስት ወይም አራት እጥፍ ያህል ይሁን። ቢላዋው በአንድ ስበት ማለፍ አለበት፤ እየጋዘ ያለፈ ስለት ወጣ ገባ ፊት ይተዋል፤ በወጣ ገባው ውስጥ አየር ይገባል፤ የሚያደርቀው ያ አየር ነው። ከዚያ በሁለቱም ሰያፍ ላይ ከጫፉ አንድ ሦስተኛ ገደማ ወረድ ብሎ ወደ ውስጥ ምላስ ይሰነጠቃል፤ ምላሶቹ አንዱ ባንዱ ውስጥ ይገባሉ፤ ሳይታሰሩ ይያያዛሉ። ቅርንጫፉ ከሥሩ ከቀጠነ ወደ አንድ ዳር ይጠጋል፤ መሃል ላይ የተቀመጠ ቀጭን ቅርንጫፍ ካምቢየሙ ምንም አይነካም። በቅርንጫፉ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ዓይን ይበቃዋል። ዓይኖቹ ወደ ላይ ማየታቸውን ደግሞ ማረጋገጥ ነው፤ የተገለበጠ ቅርንጫፍ በወጉ አያድግም።

ማሰሪያው ከፌስታል የተቀደደ ረጅም ቀጭን ክር ነው። ከታች ጀምሮ እየተደራረበ፣ ጠበቅ ተደርጎ ይጠመጠማል። የቅርንጫፉ ጫፍ ቁርጥ ለብ ያለ የቀለጠ ሰም ይቀባል፤ የንብ ሰም ካለ ከሻማ ይሻላል፤ በብርድ አይሰነጠቅም። ሰሙ የጋለ ከሆነ ግን ሕያው ሕዋሱን ይገድላል። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ ዓይኖቹ ይፈነዳሉ። ቀንበጡ አንድ ስንዝር ሲያልፍ ማሰሪያው በጀርባ በኩል በምላጭ ይበጣል፤ ካልተበጣ ልጡን እያነቀ ይቀብረዋል። እጁን ለማላመድ የሚፈልግ ሰው ከእውነተኛው ችግኝ በፊት ከአጥር በተቆረጡ ቀንበጦች ላይ ይሞክር፤ የተቆረጡትን ፊቶች ገጥሞ ወደ ብርሃን ሲያያቸው ክፍተቱ ይታየዋል።

በጓሮው ከዘር የበቀለ ኮክ ያለው ሰው ሌላ ዕድል አለው። ኮክ ቅርንጫፍ ከማጋጠም ይልቅ ዓይን ማጋጠም ይስማማዋል። ይህ ዘዴ ለመርሐቤቴ የብርቱካን ተክል ዋናው ስለሆነ እዚያ ወርደን እንየው።

በመርሐቤቴ ሞቃት ቀበሌዎች ብርቱካን በዘር ሊተከል ይችላል፤ እንደ ፖምም አይደለም፤ ከብርቱካን ዘር የሚበቅለው ችግኝ ብዙ ጊዜ እናቱን ይመስላል። ነገር ግን እሾሃም ይሆናል፤ ለማፍራት ዓመታት ይፈጃል፤ ግንዱም በእርጥብ አፈር ሥር በቀላሉ ይበሰብሳል። ስለዚህ የኮምጣጣ ብርቱካን ዘር ተዘርቶ ሥሩ ከእርሱ ይወሰዳል። የኮምጣጣ ብርቱካን ሥር የግንድ መበስበስን በደንብ ይቋቋማል፤ ትሪስቴዛ የተባለውን የቫይረስ በሽታ ግን አይችልም። በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ በአርጀንቲናና በብራዚል በዚህ ሥር ላይ የተዳቀሉ ብርቱካኖች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዛፎች ሆነው አልቀዋል። ለሥር የሚሆነው ዘር ከፍሬው እንደወጣ ሳይደርቅ መዘራት አለበት፤ የደረቀ የብርቱካን ዘር እምብዛም አይበቅልም።

ችግኙ የእርሳስ ውፍረት ሲደርስ፣ ልጡ በቀላሉ በሚላቀቅበት ወቅት፣ ከመሬት ሁለት ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ በልጡ ላይ በቲ ፊደል ቅርጽ ይበጣል። ዝናብ በሚበዛበት ወቅት ቲውን መገልበጥ ይሻላል፤ ውኃው ወደ ቁስሉ አይገባም። ከተመረጠው ብርቱካን ቅጠሉ ተቆርጦ አንገቱ ብቻ የቀረለት ዓይን ከትንሽ ልጥ ጋር በምላጭ ይነሣል፤ በአንገቱ ተይዞ በተከፈተው ልጥ ሥር ይንሸራተታል፤ በፌስታል ይታሰራል። ጣት ዓይኑን በልጡ በኩል አይንካው። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት በኋላ ሲፈታ ዓይኑ አረንጓዴ ከሆነና አንገቱ በራሱ ከረገፈ ይዟል፤ አንገቱ ደርቆ ከተጣበቀ ሞቷል፤ በሌላው ጎን እንደገና ይሞከራል። ከያዘ የሥሩ አናት ከዓይኑ በላይ ግማሽ ድረስ ተቆርጦ ወደ ጎን ይታጠፋል። ዓይኑ ነቅቶ ቀንበጥ ሲሆን የታጠፈው ጨርሶ ይወገዳል።

እዚህ ላይ በጽኑ የማሳስበው ነገር አለ። ማዳቀል መልካሙን ጣዕም እንደሚያስተላልፍ በሽታንም ያስተላልፋል። ለብርቱካን ዛፎች እጅግ የሚፈራው፣ ቅጠልን የሚያዥጎረጉርና ፍሬን የሚያሳንስ የባክቴሪያ በሽታ በ2010 በትግራይና በሰሜን ወሎ ብርቱካኖች ላይ መገኘቱ በሳይንሳዊ መጽሔት ታትሟል። መድኃኒት የለውም። ቅጠሉ ላይ ግራና ቀኙ የማይመሳሰል ቢጫ ዝንጉርጉርነት የሚታይበት፣ ፍሬው ትንሽና ጠማማ፣ ታችኛው ጫፉም ሲበስል አረንጓዴ ሆኖ የሚቀር ዛፍ ዓይን አይወሰድበትም። ከሩቅ አገር በሻንጣ የመጣ ቅርንጫፍ ከሆነ ደግሞ ምንም ቢያምር፣ ምንም ዘመድ ቢያመጣው፣ እሺ ባንለው ይሻላል። መርሐቤቴ በ1990ዎቹ እዚያ የሠራው የካርል ሄይንዝ በም ሰዎች ለሰዎች ድርጅትና ሌሎችም ችግኝ በማዘጋጀት የደከሙበት አካባቢ ነው፤ ያ ድካም በአንድ የታመመ ቀንበጥ ሊበላሽ አይገባም።

ማንጎና አቮካዶ በዚያው ቆላና ወይናደጋ ከዘር በበቀለ ወጣት ችግኝ ላይ በሽብልቅ ይዳቀላሉ። የሥሩ አናት ይቆረጥና መሃሉ ይሰነጠቃል፤ ቅርንጫፉ በሁለት ጎን ተጠርቦ ይገባበታል። ለማንጎ ከመቁረጥ አንድ ሳምንት ወይም ዐሥር ቀን ቀደም ብሎ የቅርንጫፉን ቅጠል ከዛፉ ሳይነጥሉ ቆርጦ አንገቱን መተው ዓይኖቹን ያነቃቸዋል። አቮካዶ ቶሎ ስለሚደርቅ ጠዋት የተቆረጠው ሳይዳቀል ከሰዓት ባይደርስ ጥሩ ነው። መጋጠሚያው ግልጽ ፌስታል ተደፍቶበት በጥላ ሥር ይቆያል።

ከመያዙ በኋላ ብዙ ችግኝ የሚጠፋው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ከመጋጠሚያው በታች የሚወጣው ቀንበጥ ነው። ይህ ቀንበጥ የሥሩ ልጅ ነው፤ ፈጣንና ለምለም ስለሆነ ያስደስታል፤ ካልተነቀለ ግን ከላይ ያለውን ተመርጦ የመጣውን ይውጠዋል። አንዳንድ ጓሮ ውስጥ እሾሃማ ኮምጣጣ ብርቱካን ሆኖ የተገኘው የተዳቀለ ችግኝ ታሪኩ ይህ ነው። መጋጠሚያውም ሲተከል ከአፈር በላይ ይሁን፤ ከተቀበረ ቅርንጫፉ የራሱን ሥር ያወጣና የተመረጠው ሥር ጥቅም ይቀራል።

ሁለተኛው ከብት ነው። አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ሜዳው ሁሉ ለሁሉም ከብት ይከፈታል፤ ፍየልና በግ ለምለም ቀንበጥ አያልፉም። መንዞች ግን መጠበቅን ከማንም አልተማሩም፤ ጓሳን በቄሮ ሥርዓት፣ ሣሩ እስኪደርስ ለዓመታት ዘግተው ያቆዩት አባቶቻቸው ናቸው። አንድ ችግኝ ደረት እስኪደርስ ሁለት ሦስት ዓመት በድንጋይ ካብ ወይም በእሾህ መዝጋት ከዚያ የቀለለ ነው። ካቡ ውርጭንም ይከላከላል፤ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይሰጣል። ቀዝቃዛ አየር ወደ ዝቅታ ስለሚወርድ ግን ጎድጓዳ ላይ መትከል አይገባም፤ ገደል አፋፍ ሳይሆን ተዳፋቱ መካከል፣ ከቤቱ ግድግዳ በስተደቡብ፣ የበጋ ፀሐይ የሚያገኘው ስፍራ ይመረጣል።

ፖም ላይ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለ። ፖም በአገሩ በብርዱ ወራት ይተኛል፤ ከሰባት ዲግሪ በታች የቆየባቸውን ሰዓታት እንደ ቆጠረ ይነቃል። እንደ አና ያለው በእስራኤል የወጣ ዝርያ ሁለትና ሦስት መቶ ሰዓት ይበቃዋል፤ ብዙዎቹ የአውሮፓ ፖሞች ግን ከዚያ እጅግ የበለጠ ይሻሉ። የእኛ ደጋ ሌሊቱ ቢበርድም ቀኑ ስለሚሞቅ ዛፉ በወጉ አይተኛም፤ አንዱ ቅርንጫፍ ሲያብብ ሌላው ቅጠሉን እንደያዘ ይቆያል። መፍትሔው ቅጠሉን በእጅ ማርገፍ ነው። በጨንቻም፣ በኢንዶኔዥያ የጃቫ ደሴት ደጋዎችም ገበሬዎች ያደርጉታል። ቅጠሉ በአንድ ጊዜ ከረገፈ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ዛፉ በአንድነት ያብባል። በመንዝ ይህን በኅዳር ማድረግ አበባውን ለውርጭ መስጠት ነው፤ ያበበ ዛፍ ከዜሮ በታች ሁለት ዲግሪ ሲነካው አበባው መሞት ይጀምራል። ቅጠሉን እስከ የካቲት አቆይቶ ማርገፍ ይሻላል።

አበባው ቢያምርም ባለዱቄት ጎረቤት ከሌለው እምብዛም አያፈራም። አና ከዶርሴት ጎልደን ጋር ይስማማል፤ ይህ ሁለተኛው በባሃማስ የተገኘ፣ ብርድ እምብዛም የማይሻ ዝርያ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ወቅት ያብባሉ። በጨንቻ ብዙ የተተከለው ክሪስፒን ግን ዱቄቱ ለማንም አይጠቅምም፤ እርሱን የተከለ ሰው ዱቄት የሚሰጡ ሌሎች ሁለት ዝርያዎች ያስፈልጉታል። ጓሮው ጠባብ ለሆነበት ሰው መልሱ እዚያው ዛፉ ላይ አለ። ሦስተኛ ዓመቱን በያዘ ዛፍ ላይ አንድ ቅርንጫፍ በየካቲት ተቆርጦ የሌላው ዝርያ ቀንበጥ ይዳቀልበታል። ደካማውን ዝርያ ፀሐይ በሚበዛበት በኩል፣ ብርቱውን በሌላው በኩል ማድረግ ጥሩ ነው፤ ካልሆነ ብርቱው ይሸፍነዋል። በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ላይ ስሙ የተጻፈበት ቆርቆሮ በላላ ሽቦ ይንጠልጠል፤ በመቁረጫ ጊዜ የማያውቅ እጅ ዱቄት ሰጪውን ቅርንጫፍ ትርፍ መስሎት እንዳይጥለው።